የመኮንን ልጆች፣ የዓሊ የልጅ ልጆች

ተፈሪ መኮንን፣ ይልማ መኮንን፣ እንዳልካቸው መኮንን፣ ወሰን ሰገድ መኮንን። እነዚህን አራት ስሞች ለአንድ የአውሮፓ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ብትሰጡት «መኮንን» በሚል ርእስ ሥር ጎን ለጎን ደርድሮ ወንድማማቾች ያደርጋቸዋል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ደግሞ አባትዮው የትኛው መኮንን እንደሆነ ይጠይቃል። ይልማና ተፈሪ በእርግጥም የአንድ አባት ልጆች ናቸው፤ አባታቸውም የሐረሩ ገዥ ራስ መኮንን ወልደ ሚካኤል ናቸው። ወሰን ሰገድ የተፈሪ የልጅ ልጅ ቢሆኑም የእርሳቸው «መኮንን» ሌላ ሰው ነው። እንዳልካቸው ከእነዚህ ከአንዱም ጋር በአባት አይገናኙም።

በዚህ ጽሑፍ ስለ እነዚህ የአባት ስሞች ጥቂት ማለት እፈልጋለሁ። ነገሩ የስም ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ የአንባቢን ጊዜ ባላባከንሁ ነበር። ዳሩ ግን በአገራችን የሰው የአባት ስም፣ በተለይም የአያት ስም፣ ካርታ ሆኖ ከተነበበ ሰንብቷል። በማስተምርበት ክፍል ውስጥ ተማሪዎች የስም ዝርዝር በግድግዳ ላይ ሲለጠፍ መጀመሪያ የሚመለከቱት የራሳቸውን ውጤት አይደለም፤ የጓደኛቸውን የአያት ስም ነው። ከዚያች አንዲት ቃል ተነሥተው ብሔሩን፣ ሃይማኖቱን፣ አንዳንዴም የፖለቲካ አቋሙን ይወስናሉ። ይህ ንባብ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ለመመርመር ከሐረር የተሻለ ከተማ አላውቅም።

በቅድሚያ ግን ወደ ሩቅ አገር ልሻገር። በዓለም ላይ ከእኛ ጋር በስም አወጣጥ የሚመሳሰል የአውሮፓ ሕዝብ ቢፈለግ የሚገኘው በሰሜን አትላንቲክ በረዶ ውስጥ ነው፤ አይስላንድ። አይስላንዳዊ እንደ እኛው የሚጠራው በራሱ ስም ሲሆን ተከትሎ የሚመጣው የአባቱ ስም ነው፤ ወንድ ከሆነ «ሶን»፣ ሴት ከሆነች «ዶቲር» የሚል ቅጥያ ይጨመርበታል። የስልክ ማውጫቸው የሚደረደረው በሰውዬው በራሱ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በሕዝብ ድምፅ ፕሬዚዳንት የሆኑትን ቪግዲስ ፊንቦጋዶቲርን አገሩ ሁሉ «ቪግዲስ» እያለ ነው የሚጠራቸው። እ.ኤ.አ. በ1925 ባወጡት ሕግም አዲስ የቤተሰብ ስም መያዝን ከልክለዋል። ከ2009 እስከ 2013 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ዮሐና ሲጉርዳርዶቲርና የወንጀል ልብ ወለድ ጸሐፊዋ ይርሳ ሲጉርዳርዶቲር የአባታቸው ስም አንድ መሆኑ እህትማማች አያሰኛቸውም፤ ሲጉርዱር የሚባል አባት በአይስላንድ እንደ እኛ አገር ከበደ ነው። በአንጻሩ ሄርማን ዮናሶንና ስታይንግሪሙር ሄርማንሶን ሁለቱም በየዘመናቸው ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑ አባትና ልጅ ናቸው፤ ስማቸውን ጎን ለጎን ያየ የውጭ ሰው ግን ዝምድናቸውን አይጠረጥርም። ቢያርኒ ቤኔዲክትሶን የሚባል ጠቅላይ ሚኒስትርም ሁለት ጊዜ ተነሥቷል፤ አንዱ በ1960ዎቹ፣ ሌላው በ2017ና በ2024 (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። ሁለተኛው ለመጀመሪያው የወንድም የልጅ ልጅ ነው።

የእኛና የእነርሱ ልዩነት አንድ ነው። የአይስላንዱ ስም የሴቷን ማንነት በ«ዶቲር» ያስቀምጣል። የእኛው አያስቀምጥም። ከዚህም በላይ፣ በእኛም ሆነ በእነርሱ ዘንድ በአባት ሐረግ ላይ የተመሠረተ ስም እናትን ይጥላል። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የሐረር የስም ታሪክ ከመኮንኖች ይጀምራል ማለት ድፍረት ይሆናል። ከእነርሱ በፊት በጀጎል ግንብ ውስጥ ለሁለት መቶ አርባ ዓመታት ያህል አሚሮች ገዝተዋል፤ የእነርሱም ስም በአባት ስም የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1647 ሥርወ መንግሥቱን የመሠረቱት አሚር ዓሊ ኢብን ዳውድ ናቸው። እርሳቸውን ተከትለው ሁለት ልጆቻቸው፣ ሐሺም ኢብን ዓሊና አብዱላሂ ኢብን ዓሊ፣ በተራ ገዙ። ከ1732 እስከ 1782 ባለው ግማሽ ምዕተ ዓመት ደግሞ በሐረር ዙፋን ላይ የተቀመጡት አራት አሚሮች በሙሉ «ኢብን አቡ በክር» ነበሩ፤ ኸለፍ፣ ሐሚድ፣ ዩሱፍ፣ አሕመድ። አራት ወንድማማቾች ሃምሳ ዓመት! ከእነዚህም የመጨረሻው አሕመድ ኢብን አቡ በክር ስማቸው ከሰባ ዓመት በኋላ እንደገና ይመጣል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር ሲገባ ያገኛቸው አሚር አሕመድ ኢብን አቡ በክር ይባሉ ነበርና። ስም ከነአባት ስም ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት አሚሮች፣ ሁለት ዘመን፣ ሁለት አባት። ሳንቲም ላይ ስም አይቶ ዘመን የሚወስን ተመራማሪ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ የሐረር አሚሮች በስማቸው ሳንቲም ያስቀርጹ ነበርና።

የመጨረሻዎቹ ሁለት አሚሮች መሐመድ ኢብን ዓሊና ልጃቸው አብዱላሂ ኢብን መሐመድ ናቸው። መሐመድ ኢብን ዓሊ ግብጾች በ1868 ዓ.ም. ከተማዋን ሲይዙ ተገደሉ። ግብጾች በ1877 ዓ.ም. ሲወጡ ልጅየው አብዱላሂ ተሾሙ። በ1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን በጨለንቆ ከንጉሥ ምኒልክ ጦር ጋር ተዋግተው ተሸነፉ፤ የአሚሮቹም ዘመን በዚያው አበቃ። ምኒልክም ሐረርን ለአክስታቸው ለወይዘሮ ተናኘወርቅ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ለመኮንን ወልደ ሚካኤል ሰጧት። መኮንን በዚያን ጊዜ ገና የሠላሳ አራት ዓመት ጎልማሳ ነበሩ።

«ለአክስታቸው ልጅ» ብያለሁ። የራስ መኮንን ከምኒልክ ጋር ያላቸው ዝምድና፣ የኋላኛው የልጃቸው የዙፋን መብት ሁሉ፣ የሚመጣው በእናታቸው በተናኘወርቅ በኩል ነው። ተናኘወርቅ የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ናቸው። የአባት ስም ሰንሰለቱን ብቻ ብትከተሉ ግን ንጉሥ ሣህለ ሥላሴን አታገኟቸውም። የምታገኙት ደጃዝማች ወልደ ሚካኤልን ነው፤ ከእርሳቸው አልፋችሁ ብትሄዱ ደግሞ መንገዱ ሁለት ይሆናል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ«ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የአያታቸውን አባት ወልደ መለኮት ይሏቸዋል። በሌሎች የታሪክ ጽሑፎች ደግሞ ወልደ ሚካኤል ጉዴሳ የሚለው ስም የታወቀ ነው፤ ጉዴሳ የኦሮሞ ስም ነው። ለእኔ አንዱ የክርስትና ስም፣ ሌላው የቤት ስም ሆኖ ይታየኛል፤ በዚያ ዘመን አንድ ሰው ሁለትና ሦስት ስም መያዙ የተለመደ ነበርና። ይሁንና የዛሬው አንባቢ ከሁለቱ አንዱን የሚመርጠው ለታሪክ ሲል አይደለም። ራስ መኮንንን የራሱ ለማድረግ የሚሻው አንዱን ይይዛል፤ ከራሱ ለማራቅ የሚሻው ሌላውን ይይዛል። የሰውየው ሥራ፣ የአድዋው ጦር አዛዥነቱ፣ የኢጣልያ መልእክተኛነቱ፣ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታት ሐረርን ማስተዳደሩ፣ ለዚህ ክርክር ምንም አያገለግልም ማለት ነው።

ራስ መኮንን መጋቢት 13 ቀን 1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ ዐረፉ። ሁለቱ ልጆቻቸው የአባታቸውን ስም እንጂ የአባታቸውን ቦታ እኩል አልወረሱም። ይልማ ታላቅ ነበሩ፤ ከሌላ እናት የተወለዱ። ደጃዝማች ይልማ የእቴጌ ጣይቱን ዘመድ አግብተው ስለነበር የእቴጌይቱ ድጋፍ ነበራቸውና ሐረር ለእርሳቸው ተሰጠች። የአሥራ ሦስት ዓመቱ ደጃዝማች ተፈሪ የሰላሌ ገዥነት ማዕረግ ይዘው አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ቀሩ። ነገር ግን ይልማ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው በ1900 ዓ.ም. መጀመሪያ ሞቱ። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ለጥቂት ጊዜ ከገዙ በኋላ በ1902 ዓ.ም. ሐረር ለሌላው የመኮንን ልጅ ተመለሰች። ይልማ ረዥም ዕድሜ ቢያገኙ ኖሮ «ተፈሪ መኮንን» የሚለውን ስም ዛሬ የሚያስታውሱት የሰላሌ ሽማግሌዎች ብቻ ሊሆኑ ይችሉ ነበር። ከ«ቢሆን ኖሮ» ታሪክ እንደማይጻፍ አውቃለሁ፤ ሆኖም የጃማይካ ተራሮች ድረስ የዘለቀ አንድ ሃይማኖት ስሙን ያገኘው ከዚህ ከታናሽየው ልጅ ማዕረግና ስም መሆኑን ሳስብ ይህን ሳልል ማለፍ አልቻልሁም።

ተፈሪ መኮንን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የክርስትና ስማቸው የነበረው «ኃይለ ሥላሴ» የንግሥ ስም ሆነ። በዚህም አንድ ያልታሰበ ነገር ተከተለ፤ ልጆቻቸው ሁሉ የአባት ስማቸው ተለወጠ። የተፈሪ ልጆች የነበሩት በአንድ ቀን የኃይለ ሥላሴ ልጆች ሆኑ። ይህ ደግሞ ሌላ ድብልቅልቅ አስከተለ። ከተፈሪ ጋር በሐረር አብረው ያደጉትና አብረው የተማሩት፣ የኋላው ራስ እምሩ፣ ሙሉ ስማቸው እምሩ ኃይለ ሥላሴ ነው። አባታቸው ግን ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ አባይነህ ናቸው፤ በራስ መኮንን ሥር በሐረር ያገለገሉ ሰው። የራስ እምሩ «ኃይለ ሥላሴ» ከንጉሠ ነገሥቱ ንግሥ በሠላሳ ስምንት ዓመት ይቀድማል። ለሦስተኛ ዲግሪ ጥናቴ በውጭ አገር በቆየሁባቸው ዓመታት ራስ እምሩን የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ የሚያደርግ የመጻሕፍት ካርድ ብቻ ሳይሆን፣ ሁለቱንም «ሥላሴ» በሚል የቤተሰብ ስም ሥር የሚያስቀምጥ ካርድ አይቻለሁ። ቅድስት ሥላሴን የቤተሰብ ስም ማድረግ ለሃይማኖት ሰው ኑፋቄ፣ ለእኛ ሣቅ ነው።

አሁን ወደ ያዝልኝ ወዳልሁት ነጥብ ልመለስ።

የተፈሪ መኮንን እናት ወይዘሮ የሺእመቤት ዓሊ ይባላሉ። የወሎው የወረ ኢሉ ባላባት የደጃዝማች ዓሊ አባ ጅፋር ልጅ ናቸው። ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ከሐረር ከተማ ወጣ ባለችው በኤጀርሳ ጎሮ ተፈሪን ወለዱ፤ ልጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሞቱ። የኢትዮጵያ የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት የእናት አባት እንግዲህ ዓሊ ነው። «ተፈሪ መኮንን ወልደ ሚካኤል» ብላችሁ ብትጽፉ ይህ ስም የትም አይታይም።

ተቀናቃኛቸውን ልጅ ኢያሱን ደግሞ እንመልከት። እናታቸው የዳግማዊ ምኒልክ ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋ ናቸው። አባታቸው የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። ንጉሥ ሚካኤል በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሰሞን በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ክርስትና አባትነት ከመጠመቃቸው በፊት ስማቸው መሐመድ ዓሊ ነበር፤ አባታቸው ኢማም ዓሊ አባ ቡላ ናቸውና። ስለዚህ የኢያሱም አያት ዓሊ ነው። የሁለቱም ዓሊዎች አገር ወሎ ነው። ልዩነቱ የኢያሱ ዓሊ በአባት በኩል፣ የተፈሪ ዓሊ በእናት በኩል መሆኑ ብቻ ነው።

ይህን ካስተዋልን የመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ነገር በሌላ ዓይን ይታያል። በዚያ የመስቀል ዕለት የሸዋ መኳንንት በአዲስ አበባ ተሰብስበው፣ አቡነ ማቴዎስ ሕዝቡን ከመሐላው ፈትተው፣ ልጅ ኢያሱን «ከክርስትና ወጥቷል» በሚል ክስ ከሥልጣን አወረዱ። ኢያሱ በዚያን ሰዓት የት ነበሩ? ሐረር። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ተፈሪን ከሐረር ገዥነት ሽረው ወደ ካፋ መድበዋቸው ነበር፤ ራሳቸው ሐረር ተቀምጠው ከከተማዋና ከኦጋዴን የእስልምና መሪዎች ጋር ይመካከሩ ነበር። ክሱ የፖለቲካ ክስ ነበር፤ ከበስተኋላው የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣልያ መንግሥታት በዓለም ጦርነት መካከል ኢያሱ ከቱርክ ጋር ያብራሉ ብለው መስጋታቸውም ነበረበት። ሕዝቡ ዘንድ ክሱን እንዲታመን ያደረገው ግን ሁሉም የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ የንጉሥ ሚካኤል የአባት ስም።

በዛሬው የመሥሪያ ቤት ፎርም ሦስት ሣጥኖች አሉ፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። በዚያ ፎርም ብንሞላቸው አንደኛው «ኢያሱ ሚካኤል ዓሊ»፣ ሌላኛው «ተፈሪ መኮንን ወልደ ሚካኤል» ይሆናሉ። አንደኛው ተጋልጧል፤ ሌላኛው ተሸፍኗል። ደም እንቁጠር ካልን ግን ሁለቱም እኩል የዓሊ የልጅ ልጆች ናቸው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ሜዳ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ተማርከው ሺዎች ሲያልቁ የአንደኛው የዓሊ የልጅ ልጅ ወገን ሌላኛውን የዓሊ የልጅ ልጅ ወገን አሸነፈ ማለት ነው። ኢያሱ የተከሰሱት በስም ብቻ ነው እያልሁ አይደለም፤ የአስተዳደር ጉድለታቸውና ከአያታቸው ሹማምንት ጋር የገቡበት ፀብ የታወቀ ነው። የተፈሪም ጥበብ አይካድም። ነገር ግን ስለ አያት ስም ንጽሕና ለሚሟገት ሰው ይህን የ1909 ዓ.ም. ምሳሌ እንዲያብላላው እጋብዘዋለሁ።

ነገሩ በዚህም አያበቃም። ተፈሪ በ1903 ዓ.ም. በሐረር ወይዘሮ መነን አስፋውን አገቡ። መነን የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው ልጅ ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ ስሂን ሚካኤል የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የልጅ ኢያሱ እህት ናቸው። ጋብቻውን ያመቻቹትም ራሳቸው ኢያሱ ነበሩ። «መነን አስፋው» የሚለው ስም ስለዚህ ሁሉ አንዳች አይናገርም፤ በአገራችን ልማድ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ስለማትለቅ ብንደሰትም፣ ያው የአባቷን ብቻ ነው የያዘችው። ከዚህ ጋብቻ የተወለደው ልዑል በአያቱ ስም መኮንን ተብሎ፣ ኋላም መስፍነ ሐረር የሚል ማዕረግ ተሰጠው። በፎርሙ «መኮንን ኃይለ ሥላሴ መኮንን»። በአባቱ እናት በኩል የዓሊ አባ ጅፋር፣ በእናቱ እናት በኩል የኢማም ዓሊ አባ ቡላ ዘር። ዓሊ ኢብን ዳውድ ሥርወ መንግሥት የመሠረቱባትን ከተማ ስም በማዕረግ የተሸከመው ልዑል ሁለት ዓሊዎችን በደሙ ይዞ ነበር። መስፍነ ሐረር ግንቦት 1949 ዓ.ም. በመኪና አደጋ በወጣትነቱ ሞተ። ከልጆቹ ወሰን ሰገድ መኮንን ማዕረጉን ወረሱ፤ በመጀመሪያው መስመር ላይ የጠቀስኋቸው እርሳቸው ናቸው።

ስለ እንዳልካቸው መኮንን ጥቂት ላንሣ። አባታቸው ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ከነጻነት በኋላ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትርና የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታዋቂ ደራሲ ናቸው። ከላይ በአይስላንድ ያየናቸው ሄርማንና ስታይንግሪሙር በእኛ አገር መኮንንና እንዳልካቸው ናቸው ማለት ይቻላል፤ አባትም ልጅም ጠቅላይ ሚኒስትር። በእኛው ዘንድ ደግሞ ስሙ ራሱ ይሽከረከራል፤ እንዳልካቸው፣ መኮንን እንዳልካቸው፣ እንዳልካቸው መኮንን። ይህ መኮንን ከሐረሩ መኮንን ጋር በሥጋ ባይገናኝም በጋብቻ ግን ተገናኝቷል፤ ራስ ቢትወደድ የደጃዝማች ይልማ መኮንንን ልጅ ልዕልት የሻሽወርቅ ይልማን አግብተው ነበር። ልጅ እንዳልካቸው የካቲት 21 ቀን 1966 ዓ.ም. በአብዮቱ ማዕበል መካከል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ሐምሌ 15 ቀን ወረዱ። የተተኩት በልጅ ሚካኤል እምሩ ነው፤ የዚያው በሐረር ከተፈሪ ጋር ያደጉት የራስ እምሩ ልጅ። የልጅ ሚካኤል ሦስተኛ ስም «ኃይለ ሥላሴ» ነው። አብዮቱ ንጉሠ ነገሥቱን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲያወርድ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው የአያት ስሙ ከተወረደው ንጉሥ ጋር አንድ ነበር፤ ዝምድናው በአያት ስሙ አይደለም እንጂ። ልጅ እንዳልካቸው ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ያለፍርድ ከተረሸኑት ባለሥልጣናት አንዱ ሆኑ።

በስም ላይ የተደረገ አንድ ሙከራም ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ ከራሱና ከአባቱ ስም በተጨማሪ የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጓል። የረቂቁ አዘጋጅ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ፤ አገራቸው የቤተሰብ ስም አገር ነውና የእኛም እንደዚያው እንዲሆን ማሰባቸው አይደንቅም። ድንጋጌው ወረቀት ላይ ቀረ። ሕዝቡ በሕጉ ላይ ያመፀበት ቀን የለም፤ ዝም ብሎ አልሰማውም። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን ሕጉ ያላስፈጸመውን ነገር የአውሮፕላን ጣቢያ አስፈጽሞባቸዋል። የአንድ ቤት ሦስት ሰዎች፣ አባት፣ እናትና ልጅ፣ በፓስፖርታቸው ሦስት የተለያዩ «የቤተሰብ ስም» ይዘው ሲቀርቡ ልጁ የእነርሱ መሆኑን እንዲያስረዱ ይጠየቃሉ። ብዙዎችም ለልጃቸው የአያቱን ስም «የቤተሰብ ስም» አድርገው ችግሩን ይገላገላሉ።

ከመኮንኖች ሁሉ ለእኔ በጣም የሚደንቀኝ መኮንን የሚባል አባት ያልነበረው ነው። በጊያና የተወለደው ጆርጅ ቶማስ ናትናኤል ግሪፊዝ ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረችበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ስሙን ለውጦ ራስ መኮንን ተባለ። ኋላ በእንግሊዝ በማንቸስተር ምግብ ቤቶች ከፍቶ ሲነግድ፣ በ1945 በዚያችው ከተማ የተደረገውን የፓን አፍሪካ ጉባኤ ካደራጁትና ገንዘብ ካወጡለት ሰዎች ዋነኛው ሆነ፤ ንክሩማና ኬንያታ የተገኙበት ጉባኤ ነው። ከዚያም በጋና፣ በመጨረሻም በኬንያ ኖረ። የሐረሩን ገዥ ስም ሲወስድ የአያታቸው አባት ወልደ መለኮት ይሁኑ ጉዴሳ የሚለው ጥያቄ አላሳሰበውም። ለእርሱ ስሙ የአድዋ ስም ነበር።

ሐረር ግን ስሙን እንዲህ በቀላሉ አልተሸከመችውም። በከተማዋ ሁለት ሐውልቶች ነበሩ። አንዱ በጀጎል ውስጥ በፈረስ መጋላ አደባባይ የቆመው፣ በጨለንቆ ለወደቁት ሐረሪዎች መታሰቢያ ነው። ሌላው ከግንቡ ውጭ በፈረስ ላይ የተቀመጡት የራስ መኮንን ሐውልት ነበር። አሸናፊና ተሸናፊ በአንዲት ከተማ በአንድ የእግር መንገድ ርቀት ተፋጥጠው ቆመው ነበር፤ እንግዶቼን ሳስጎበኝ ሁለቱንም በአንድ ቀን አሳያቸው ነበር። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ በተነሣው ቁጣ፣ የራስ መኮንን ሐውልት ተጎትቶ ወደቀ። የጨለንቆን ቁስል ለሚያስታውስ ሰው ሐውልቱ ለምን እንደሚያም ይገባኛል፤ ታሪክ የተሸነፉትም ሀብት ነውና። ያልገባኝ ከዚያ በኋላ የተነሣው ክርክር ነው። አንዱ ወገን «የአማራ ገዥ ሐውልት ወደቀ» አለ፤ ሌላው «የኦሮሞው የጉዴሳ የልጅ ልጅ ሐውልት በኦሮሞ ወጣት ወደቀ» ብሎ ተሳለቀ። ሁለቱም ሰውየውን የሚያነቡት ከሦስተኛው ሣጥን ነው። ስለ ጨለንቆ የተነጋገረ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን አንድ ተማሪዬ የራስ መኮንንን የዘር ሐረግ በወረቀት ላይ ሥሎ አመጣልኝ፤ እስከ ሰባት ትውልድ። ጥሩ ሥራ ነበር፤ ወንዶቹ ሁሉ አሉበት። ተናኘወርቅ ሣህለ ሥላሴን፣ የሺእመቤት ዓሊን፣ ስሂን ሚካኤልን ጨምሮ እንዲመጣ መለስሁለት። በሁለተኛው ቀን ሲያመጣው ወረቀቱ አልበቃ ብሎት ሌላ ወረቀት በማጣበቂያ ቀጥሎበት ነበር።